ዳምቤልና ግሪክኛ፦ ስፖርት ኮርስ የሆነበት ኮሌጅ

ስፖርት የሚያበዛ ተማሪ ትምህርቱ ላይ ሰነፍ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአምኸርስት ኮሌጅ (ማሳቹሴትስ፣ አሜሪካ) ጭንቀት ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ተማሪው ላቲን፣ ግሪክኛና ሒሳብ ሲሸመድድ ተቀምጦ ይውላል፤ ጤናው ይታወካል። ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ስተርንስ ይህን ለቦርዱ ደጋግመው አመለከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1860 ጂምናዚየም ተከፈተ። በ1861 ደግሞ ሐኪሙ ዶ/ር ኤድዋርድ ሂችኮክ የጤና አጠባበቅና የአካል ማጎልመሻ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ልብ በሉ፣ አሠልጣኝ ሳይሆን ፕሮፌሰር! ከግሪክኛው መምህር እኩል ወንበር አገኙ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ባች በሳምንት አራት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቀላል የእንጨት ዳምቤል ይዞ በፒያኖ ምት ይንቀሳቀስ ነበር። እንደ ማንኛውም ኮርስ ግዴታ ስለነበረ ደስ ያለው ብቻ መጥቶ የሚሠራው አልነበረም። ዋናው ነጥብ ይሄ ይመስለኛል፤ በፈቃድ ቢሆን ኖሮ የሚመጣው ድሮም ጠንካራ የነበረው ልጅ ነው።

ሂችኮክ የተማሪዎቹን ቁመት፣ ክብደትና የደረት ስፋት እየለኩ ለአስርት ዓመታት መዘገቡ። የተለኩት ሁሉ የኮሌጅ ወንዶች ስለነበሩ ግን መዝገቡን ለሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ ያጠራጥራል።

በነገራችን ላይ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጂምናዚየሙን አልጠበቁም። በሐምሌ 1859 (እ.ኤ.አ.) ዊልያምስ ኮሌጅን በቤዝቦል 73 ለ32 አሸንፈዋል። የኮሌጆች የመጀመሪያው የቤዝቦል ግጥሚያ ይኸው ነው። ከኳሱ ጋር ቼዝም ተጋጥመው ነበር፤ እሱንም አሸነፉ።