ከፋውለር መቶ ዓመት በኋላ፦ የእንግሊዝኛው «ኢፍ» የት ደረሰ?

ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱን ካሳተመ እ.ኤ.አ. በ2026 መቶ ዓመት ሞላው። የቀድሞው የትምህርት ቤት መምህር ሥራውን የጀመረው ከወንድሙ ከፍራንሲስ ጋር ነበር። ፍራንሲስ በ1918 በሳንባ ነቀርሳ ሞተና መጽሐፉ በ1926 ሲወጣ ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በ1965፣ በ1996 እና በ2015 እየተከለሰ ወጥቷል። ፋውለር በዚያ መጽሐፍ ሰብጀንክቲቭ የሚባለው የግስ መልክ ከጥቂት ቅሪቶች በቀር እየሞተ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ዛሬም «ኢፍ አይ ወር» ይባል ወይስ «ኢፍ አይ ዋዝ» የሚለው ክርክር ሲነሳ ስሙ ይጠራል። መቶኛ ዓመቱ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ጥያቄ ለማንሳት ይመቻል፦ የእንግሊዝኛን ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገር የምናስተምርበት መንገድ ራሱ ከቋንቋው ጋር ይገጥማል ወይ?

የምናስተምርበትን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል። ዜሮ፣ ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ስርድ። ውሃ ሲሞቅ ይፈላል የሚለው እውነት ዜሮ ላይ ይቀመጣል፤ «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ» ፈርስት ነው፤ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሃውስ» ሰከንድ፤ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድንት ሃቭ ካም» ስርድ። ተማሪው አራቱን ቀመሮች ይሸመድዳል፣ ለፈተና ይቀመጣል፣ ያልፋል። ችግሩ የሚመጣው እንግሊዝኛ ሲያነብ ወይም ሲያዳምጥ ነው። «ኢፍ ሺ ሌፍት አት ሲክስ፣ ሺ ኢዝ ሆም ናው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው በየትኛው ቁጥር ይመድበው? አንዱ ሐረግ ኃላፊ ጊዜ ነው፣ ሌላው የአሁን። ከአራቱ አንዱም አይቀበለውም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ምንም እንከን የለበትም፤ በአማርኛ «በስድስት ሰዓት ወጥታ ከሆነ አሁን ቤቷ ደርሳለች» ማለት ነው።

በዚህ ላይ ቅሬታ ሲሰማ ቆይቷል። ዴቭ ሞል በ1988 በእንግሊዝኛ መምህራን መጽሔት «ኢኤልቲ ጆርናል» ላይ፣ ከቴሌቪዥን የሰማቸውን ዓረፍተ ነገሮች ይዞ የመማሪያ መጻሕፍቱን ምደባ ፈተነ። በ2011 ክርስቲያን ጆንስና ዳንኤል ዎለር በዚያው መጽሔት አራቱ ዓይነቶች ሰዎች በተግባር የሚጠቀሙበትን ቋንቋ አይወክሉም ሲሉ ተከራከሩ። የመጻሕፍት አዘጋጆች መልስ አምስተኛ መደብ መጨመር ሆኗል፤ «ሚክስድ» የሚባለውን። ደንቡን በጣሰ ዓረፍተ ነገር ቁጥር አዲስ መደብ የሚጨመርለት ከሆነ ደንቡ ራሱ መፈተሽ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለእኔ አጥጋቢው አማራጭ የመጣው በ2002 ነው። ሮድኒ ሃድልስተንና ጄፍሪ ፑለም በመሩት ግዙፍ የካምብሪጅ ሰዋስው ውስጥ ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ፦ ክፍት እና ሩቅ። ክፍት ሲባል ተናጋሪው ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ብሎ በሩን ሳይዘጋ የሚናገረው ነው። ሩቅ ሲባል ደግሞ ነገሩን ከእውነታው አርቆ፣ አይሆንም ወይም አልሆነም ብሎ የሚናገረው ነው። ጊዜው፣ ማለትም ትናንት፣ ዛሬ ወይስ ነገ የሚለው፣ ለብቻው የሚታይ ጥያቄ ነው። ያ የስድስት ሰዓቱ ዓረፍተ ነገር ክፍት ነው፤ ኃላፊ ጊዜው እውነተኛ ኃላፊ ነው። «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ግን ሩቅ ነው፤ «ሃድ» ስለ ትናንት ምንም አይናገርም።

እዚህ ላይ የእኛ ተማሪ ግራ ይጋባል፦ ስለ አሁን እየተወራ ለምን ኃላፊ ግስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በገዛ አፉ ውስጥ አለ። «ገንዘብ ካለኝ ቤት እገዛለሁ» ሲል በሩ ክፍት ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» ሲል ኪሱ ባዶ መሆኑን ሰሚው ያውቃል፤ ወሬው ስለ ዛሬ ሆኖ ሳለ ግን «ነበር» ገብቷል። «ቢ» ብቻውን አይለይም፤ «ቢመጣ እነግረዋለሁ» ስንል ገና ተስፋ አለ። ቁርጡን የሚናገረው «ነበር» ነው። ሳቢን ያትሪዱ በ2000 ባሳተመችው ጥናት ግሪክኛን ይዛ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ከአሁኑ ጊዜ እንደሚያርቅ ሁሉ ከእውነታውም ማራቅ እንደሚችል አሳይታለች። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ቀመር ሳይሸመድድ ይጠቀምበታል። «ዊል» በ«ኢፍ» ሐረግ ውስጥ አይገባም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እኛም «ነገ ከመጣ» እንላለን እንጂ በሐረጉ ውስጥ የትንቢት ግስ አናስገባም።

የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት እጅግ አጥርቶ ያሳየው ግን ሰዋሰኛ ሳይሆን ፈላስፋ ነው። ኧርነስት አዳምስ በ1970 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በኬኔዲ ግድያ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አቀረበ፤ ኦስዋልድ በግድያው የተከሰሰው ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥንድ በአማርኛ ሲቀመጥ ልዩነቱ ፈጦ ይወጣል። «ኦስዋልድ ኬኔዲን ካልገደለው ሌላ ሰው ገድሎታል» የሚለውን ማንም ይቀበለዋል፤ ፕሬዚዳንቱ በኅዳር 1963 ዳላስ ውስጥ መገደላቸው የታወቀ ነውና። «ኦስዋልድ ኬኔዲን ባይገድለው ኖሮ ሌላ ሰው ይገድለው ነበር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተጠባባቂ ገዳይ ነበረ ብሎ ሴራ መጠርጠር ነው። ቃላቱ አንድ ዓይነት፣ ተዋናዮቹ አንድ ዓይነት፤ ክፍቱ ወደ ሩቅ ሲለወጥ ግን እውነቱ ተገለበጠ። ይህን ጥንድ በክፍል ውስጥ ያየ ተማሪ ሰከንድና ስርድ የሚሉ ስሞች አያስፈልጉትም።

ወደ ፋውለር ስንመለስ፣ የ«ወር» እና የ«ዋዝ» ጠብ ከስሙ ያነሰ ነው። የሚመለከተው አንድ ግስ ብቻ ነው፤ በዚያም ውስጥ «አይ»ን እና ነጠላውን ሦስተኛ መደብ ብቻ። ሌሎች ግሶች በሩቅ ሐረግ ውስጥ ተራ የኃላፊ መልካቸውን ይይዛሉ። ቢሆንም «ወር» ሟርቱን ተቋቁሞ ኖሯል። በ1964 ብሮድዌይ ላይ የታየው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ዝነኛ ዘፈን «ኢፍ አይ ወር ኤ ሪች ማን» ይባላል፤ በ2008 የቢዮንሴ ዘፈን «ኢፍ አይ ወር ኤ ቦይ» ተባለ። በዕለት ንግግር ግን «ኢፍ አይ ዋዝ» በብዛት ይሰማል፤ ሬይመንድ መርፊ በ1985 ባወጣው በዓለም ዙሪያ ተነባቢ በሆነው የሰዋስው መጽሐፉ ሁለቱንም ይቀበላል። ለመደበኛ ጽሑፍ «ወር»ን መያዝ ያዋጣል። «ዋዝ» ያለውን ተማሪ እንዳልገባው ቆጥሮ ነጥብ መቀነስ ግን ፋውለርም የሚስማማበት አይመስለኝም።

ቀሪዎቹ ቅርንጫፎች በአጭሩ ይበቃሉ። «አንለስ» ብዙ ጊዜ ከ«ኢፍ ኖት» ጋር ይቀያየራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ኢፍ»ን ጥሎ ግሱን ማስቀደም፣ «ሃድ አይ ኖውን» እንደማለት፣ የመደበኛ ጽሑፍ ጌጥ ነው። በ1956 የኦክስፎርዱ ጆን ኦስቲን በብስኩት ምሳሌ ያሳየው ዓይነትም አለ፤ «ከራበህ እንጀራው መሶቡ ውስጥ ነው» ስንል እንጀራው ሰውዬው ራበውም አልራበውም እዚያው ነው። በ1973 ዴቪድ ሉዊስ ሩቁን ዓይነት ሊኖሩ በሚችሉ ዓለማት ንድፈ ሐሳብ ተነተነው፤ ይህን ለፍልስፍና ክፍል እንተወው።

በእኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ «ኢፍ» የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተማሪው በሒሳብና በፊዚክስ መጻሕፍት በየገጹ ያገኘዋል፤ እዚያ ያለው ደግሞ አብዛኛው ክፍቱ ዓይነት ነው። ስለዚህ መምህሩ ቀመሮቹን ከማስሸምደዱ በፊት ሁለት ጥያቄ ቢያስለምድ ይሻላል፦ ተናጋሪው በሩን ክፍት ትቷል ወይስ ነገሩን አርቋል? የሚወራው ስለ የትኛው ጊዜ ነው? እነዚህን የመለሰ ተማሪ አራቱንም ቁጥሮች ራሱ ያወጣቸዋል፣ ቁጥር ያልተሰጣቸውንም ይረዳል። ፈተና አውጪዎችም ባዶ ቦታውን በ«ወር» ወይም በ«ዋዝ» አስሞልተው ከሚያልፉ ይልቅ እንደ አዳምስ ያለ ጥንድ አቅርበው ልዩነቱን ቢጠይቁ፣ የገባውን ተማሪ ከሸመደደው መለየት ይችላሉ።