የሊቲየም እምብርት የተከፈለበት ሐሙስ

«አቶምን መጀመሪያ የከፈለው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሹ አገርና እንደ ተማረበት መጽሐፍ ይለያያል። አንዱ የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆኑትን ኧርነስት ራዘርፎርድን ይጠራል፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ በበርሊን ከተማ የዩራኒየምን መሰንጠቅ የደረሱበትን ኦቶ ሀንንና ፍሪትዝ ሽትራስማንን ያነሣል፤ የዚያን ሙከራ ምሥጢር በስደት ስዊድን ሆና የተረጐመችውን ሊዘ ማይትነርን ሳያነሣ የሚያልፍ ግን ታሪኩን በጎደሎ ያስተምራል። እኔ ሁሉንም እንደየማዕረጋቸው አክብሬ፥ የቀዳሚነቱን አክሊል ለሁለት ወጣቶች፥ ለእንግሊዛዊው ለጆን ኮክሮፍትና ለአየርላንዳዊው ለኧርነስት ዎልተን እሰጣለሁ፤ በሚያዝያ 6 ቀን 1924 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ ወር 1932 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፥ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ፥ ጥይቱን ራሳቸው መርጠው፥ የሚያስወነጭፈውን ኀይል ራሳቸው አዘጋጅተው፥ የአንዱን አቶም እምብርት ለሁለት የከፈሉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነርሱ ናቸውና።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ራዘርፎርድ በማንቼስተር መምህር ሳሉ፥ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን የተባሉት ረዳቶቻቸው በ1909 አልፋ የሚባሉትን ቅንጣቶች በስሱ የወርቅ ቅጠል ላይ ቢለቁ፥ አብዛኞቹ አንዳች ሳያሰናክላቸው ሲያልፉ ጥቂቶቹ ግን ወደ መጡበት ተመልሰው ተገኙ፤ ከዚህም የተነሣ ራዘርፎርድ በ1911 የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከሉ በሚገኝ እጅግ ረቂቅ በሆነ እምብርት፥ ዛሬ ኒውክለስ በምንለው፥ ተከማችቶ እንደሚኖር አስተማሩ። የእምብርቱ ስፋት ከአቶሙ ስፋት ዐሥር ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ያነሰ ነው፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለበትም እንደ ራሱ አዎንታዊ የሆነውን መጪ ሁሉ አጥብቆ ይገፋል። እንግዲህ ሊቃውንቱ የፈለጉት ከሚያስቡት ሁሉ ያነሰውን፥ ደግሞም ጠባቂው በጽኑ የቆመለትን ምሽግ መስበር ነበር።

ራዘርፎርድ ራሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አልፋ ቅንጣቶችን በናይትሮጅን ውስጥ ሲለቁ ፕሮቶን፥ ይኸውም የሃይድሮጅን እምብርት፥ ከውስጡ ፈንጥቆ ሲወጣ አይተው፥ ይህንኑ በ1919 አሳተሙ፤ ብዙ መጻሕፍት አቶም ተከፈለ የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ፓትሪክ ብላኬት የተባለው ወጣት ከሃያ ሺህ በላይ ፎቶግራፎችን አንሥቶ፥ ከእነርሱም መካከል ነገሩን የሚያሳዩ ስምንት የቅንጣት ፈለጎችን ብቻ አግኝቶ በ1925 እንዳስረዳው፥ የናይትሮጅኑ እምብርት አልፋውን ውጦ፥ አንዱን ፕሮቶን ተፍቶ፥ ወደ ኦክስጅን ተለወጠ እንጂ አልተሰነጠቀም። ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደ እንጂ አልቀለለም። ይህን ማለቴ የራዘርፎርድን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ የሁለቱ ወጣቶች ክብር ከየት እንደሚጀምር ድንበሩን ለማሳየት ነው።

የአልፋ ቅንጣቶች ከራዲየም የሚወጡት በቍጥር ጥቂት ሆነው፥ አቅጣጫቸውም ያልተወሰነ፥ ኀይላቸውም ተፈጥሮ ከሰጠቻቸው የማይጨምር ስለሆነ፥ ራዘርፎርድ በ1927 የንጉሣዊው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር፥ የሰው እጅ በብዛት አዘጋጅቶ እንደ ልብ የሚያስወነጭፋቸው ቅንጣቶች እንዲገኙ የነበራቸውን የቆየ ምኞት ገለጡ። ምኞቱ መልካም ነበር፤ ሒሳቡ ግን ተስፋ የሚያስቈርጥ ነበር፤ የእምብርቱን ግፊት አሸንፎ ለመግባት ሚሊዮኖች ቮልት ያስፈልጋል ተብሎ ይታመን ነበርና፥ እንዲህ ያለውን ቮልቴጅ የሚሸከም ቱቦ በዚያን ዘመን አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳብ ጉልበትን የተካው። በ1928 ጆርጅ ጋሞቭ የተባለው ሩሲያዊ፥ ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳለ፥ አልፋ ቅንጣት በቂ ኀይል ሳይኖረው ከእምብርት እንዴት ሾልኮ እንደሚወጣ በአዲሱ የኳንተም ትምህርት አስረዳ። በተለመደው አእምሮ አቀበቱን ለመውጣት ጉልበት ያነሰው መንገደኛ ከተራራው ግርጌ ይቀራል፤ በኳንተሙ ዓለም ግን አልፎ አልፎ፥ እጅግም አልፎ አልፎ፥ ተራራውን ሳይወጣ ከማዶው ይገኛል። ኮክሮፍት ይህን የጋሞቭን ጽሑፍ ባነበበ ጊዜ ነገሩን ገልብጦ አየው፦ አልፋ ሾልኮ መውጣት ከቻለ፥ ፕሮቶን ሾልኮ መግባት ለምን ይሳነዋል? ሒሳቡንም ሠርቶ፥ እምብርታቸው ቀላል ለሆኑት ሦስት መቶ ሺህ ቮልት ያህል ሊበቃ እንደሚችል በዚያን ጊዜ የካቨንዲሽ ኀላፊ ለነበሩት ለራዘርፎርድ በማስታወሻ አቀረበ። ለቤተ ሙከራ ገንዘብ በማውጣት የማይታሙት ራዘርፎርድም አንድ ሺህ ፓውንድ ለመሣሪያው እንዲገኝ አደረጉ። በእኔ ግምት የሥራው ትልቁ ድፍረት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ታላቅ ትዕግሥት ነው።

ሁለቱ ሰዎች በአስተዳደጋቸው አይመሳሰሉም። ኮክሮፍት በ1897 በዮርክሻየር ቶድሞርደን ከጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በጦርነቱ በመድፈኛ ክፍል አገልግሎ፥ ከዚያም በማንቼስተር ሜትሮፖሊታን ቪከርስ በተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠልጥኖ፥ የፋብሪካውን እጅና የሒሳብን ራስ አስተባብሮ ወደ ካምብሪጅ የመጣ፥ ቃሉን የሚቈጥብ ሰው ነበር። ዎልተን ከእርሱ በስድስት ዓመት የሚያንስ፥ በአየርላንድ ዋተርፎርድ አውራጃ የተወለደ የሜቶዲስት ቄስ ልጅ፥ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1927 በስኮላርሺፕ ካምብሪጅ የገባ፥ በእጅ ሥራው እጅግ የተካነ ነበር።

የመጀመሪያው መሣሪያቸው በ1930 ተሠርቶ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ቮልት ያህል ደረሰ፤ ነገር ግን በዒላማው ላይ የሚወጣ ጋማ ጨረር ብቻ ፈልገው የሚያረካ ነገር አላገኙም። ኋላ እንደ ታየው ያ መሣሪያ ራሱ ይበቃ ነበር፤ የጎደለው ሌላ ነገር መፈለግ ብቻ ነበር። በ1931 ወደ አንድ የቀድሞ የትምህርት አዳራሽ መዛወር ግድ ሲሆንባቸው አጋጣሚውን ተጠቅመው ሁሉንም እንደ አዲስ ሠሩት፤ ሁለት መቶ ሺህ ቮልት የሚሰጠውን ትራንስፎርመር በኮንደንሰሮችና ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ቱቦዎች አያይዘው፥ አንዱ የሞላውን ለሌላው እያቀበለ አራት እጥፍ እንዲሆን አደረጉት፤ ይህ የሽቦ አቀነባበር እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

መሣሪያውን ቀርቦ ለተመለከተው የትልቅ ጥበብ ቤት አይመስልም ነበር። ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆነው ዐምድ የተሠራው በዚያን ዘመን በቤንዚን ማደያዎች ላይ ይገኙ ከነበሩት የመስታወት ሲሊንደሮች ነው፤ መጋጠሚያዎቹም የታተሙት ልጆች ቅርጽ በሚሠሩበት ፕላስቲሲን ነው። አየሩ ከውስጡ ተጠርጎ መውጣት ስለሚኖርበት፥ አንዲት ቀዳዳ ብትገኝ የሳምንታት ሥራ ከንቱ ይሆናል፤ ስለዚህ ዎልተን መሰላል ላይ ወጥቶ፥ ፕላስቲሲኑን በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ፥ አየር የሚያሾልከውን ሥፍራ አንድ በአንድ ሲፈልግ ይውል ነበር። ከዐምዱ ሥር በእርሳስ የተለበጠች አንዲት ጠባብ የእንጨት ሣጥን አለች፤ ተመልካቹ ጥቁር መጋረጃ ጋርዶ በውስጧ ይቀመጥና፥ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ታግሦ፥ በማይክሮስኮፕ ወደ አንዲት የዚንክ ሰልፋይድ ገበታ ይመለከታል። ቅንጣት በመታት ቍጥር በገበታይቱ ላይ ትንሽ ብልጭታ ትታያለች።

መሣሪያው ከተጠናቀቀ በኋላም ሁለቱ የፕሮቶኑን ፍጥነትና አካሄድ እያጣሩ ቢቈዩ፥ ራዘርፎርድ ትዕግሥታቸው አልቆ ልኬቱን ትተው ዋናውን ሥራ እንዲጀምሩ ገሠጹዋቸው ይባላል። ሚያዝያ 14 ቀን 1932 ሐሙስ ጧት ኮክሮፍት በሌላ ቤተ ሙከራ ሥራ ላይ ሳለ፥ ዎልተን ብቻውን መሣሪያውን አሙቆ፥ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ለመራቅ በወለሉ ላይ እየዳኸ ወደ ሣጥኗ ገባ፤ ዒላማው ሊቲየም ነበር። ዐይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ባደረገ ጊዜ ገበታይቱ በብልጭታ ተሞልታ አያት። ዎልተን ከዚያ በፊት የአልፋን ብልጭታ በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ ስለ እርሱ ግን አንብቦ ነበርና ጠረጠረ። ኮክሮፍትን አስጠራ፤ ኮክሮፍትም አይቶ ራዘርፎርድን አስጠራ። የስልሳ ዓመቱ ባለ ግዙፍ ሰውነት ሎርድ በዚያች ሣጥን ውስጥ ጕልበታቸውን አጥፈው በግድ ገብተው፥ «ኀይሉን ጨምሩ፥ ፕሮቶኑን አጥፉ» እያሉ ከውስጥ ትእዛዝ ሲሰጡ ከቈዩ በኋላ፥ ወጥተው በበርጩማ ላይ ተቀመጡና፥ ያዩት የአልፋ ብልጭታ እንደሚመስላቸው፥ አልፋንም ከልደቱ ጀምሮ ስለሚያውቁት ሊሳሳቱ እንደማይችሉ ተናገሩ። እውነትም አልፋን አልፋ ብለው የሰየሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እስኪጣራ ለማንም እንዳይነገር ተማማሉ። ማጣሪያውም ሁለት ገበታዎችን በሊቲየሙ ግራና ቀኝ አቁሞ፥ ሁለት ሰዎች ብልጭታ ባዩ ቍጥር ቍልፍ እንዲነኩ ማድረግ ነበር፤ ብልጭታዎቹ በሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ የሚታዩ ሆነው ተገኙ፤ ከአንዱ እምብርት ሁለት ቅንጣቶች ጀርባና ጀርባ ሆነው ይወጡ ነበርና። ፕሮቶኑ ወደ ሊቲየም እምብርት ገብቶ ስምንት የሆነው ክብደት ለአራትና ለአራት ተከፍሎ፥ ሁለት የሂሊየም እምብርቶች፥ ይኸውም ሁለት አልፋዎች፥ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤያቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሚያዝያ 30 ቀን ታተመ፤ ጋዜጦችም ወዲያው አስተጋቡት።

አሁን የሒሳቡን ክፍል እንመልከት፤ ለእኔ ከብልጭታው ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነውና። ዛሬ በታወቀው ልክ የሊቲየም ክብደት 7.0160፥ የሃይድሮጅን 1.0078 ሲሆን፥ ድምሩ 8.0238 ነው። የሁለቱ ሂሊየሞች ክብደት ግን ሁለት ጊዜ 4.0026፥ ይኸውም 8.0052 ብቻ ነው። 0.0186 የሚሆነው ወዴት ሄደ? አይንሽታይን በ1905 እንዳስተማረው ክብደት ወደ ኀይል ቢለወጥ፥ ይህ ጉድለት 17.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ እያንዳንዱ አልፋ ይዞት የሚወጣው 8.6 ሚሊዮን ያህል በመሆኑ፥ የሁለቱ ድምር ከጉድለቱ ጋር ይገጥማል። በዚያን ዘመን የነበረው የአቶም ሚዛን ከዛሬው የሻከረ ቢሆንም፥ የአይንሽታይን ቀመር በእምብርት ለውጥ ውስጥ በልኬት ተፈትኖ ሲጸና ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ቀመሩ ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቆ ምስክሩን ያገኘው በፕላስቲሲን ከታተመ መስታወት ውስጥ ነው።

አንዳንዶች ራዘርፎርድ በ1933 ከእንዲህ ያለው የአቶም ለውጥ የኀይል ምንጭ ይገኛል ማለትን ከንቱ ወሬ ብለው መናቃቸውን እያነሡ ይስቁባቸዋል። ለሊቲየሙ ግን ትክክል ነበሩ። በሁለት መቶ ኀምሳ ሺህ ቮልት ከሚወነጨፉት ፕሮቶኖች ከቢሊዮን አንዱ ያህል ብቻ እምብርት ስለሚሰብር፥ ለአንድ መሰበር የሚወጣው ኀይል ከሚገኘው ከዐሥር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ በእንዲህ ያለ ንግድ ባለጸጋ የሆነ የለም። መንገዱን የለወጠው፥ ሊቲየሙ በተከፈለበት በ1932 በየካቲት ወር በዚያው ቤተ ሙከራ ጄምስ ቻድዊክ ያገኘው ኒውትሮን ነው፤ ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለበት እምብርቱ አይገፋውም፤ ዩራኒየምም በእርሱ ሲሰነጠቅ ሌሎች ኒውትሮኖችን እየወለደ ሥራውን ይቀጥላል። ቦምቡም ማመንጫውም የመጡት ከዚያኛው መንገድ እንጂ ከሊቲየሙ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው።

የኖቤል ሽልማት ለኮክሮፍትና ለዎልተን የተሰጣቸው በ1951፥ ከሥራቸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ራዘርፎርድ ያን ሳያዩ በ1937 ዐርፈው ነበር። ኮክሮፍት የሃርዌል አቶም ምርምር ማዕከል የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነ፤ በዊንድስኬል የአቶም ምድጃዎች የጢስ መውጫ ላይ ማጣሪያ እንዲሠራ ግድ ባለ ጊዜ፥ ብዙዎች የኮክሮፍት ሞኝነት ብለው ቀልደውበት ነበር፤ በ1957 ምድጃው በእሳት ሲያያዝ ግን ያ ማጣሪያ ከመርዙ ብዙውን አስቀረ። ዎልተን በ1934 ወደ ደብሊን ተመልሶ ዕድሜውን ሁሉ በማስተማር አሳለፈ፤ የኖቤል ሜዳሊያውንም ለተማረበት ለትሪኒቲ ኮሌጅ ሰጥቶ በ1995 በዘጠና አንድ ዓመቱ ዐረፈ።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፥ ያቺን የሊቲየም መቀነስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና ተማሪዎቻችሁ ራሳቸው ይሥሯት፤ ከመደመርና ከመቀነስ በቀር ሌላ ዕውቀት አትጠይቅም፤ 0.0186ቱ ወዴት እንደ ሄደ ግን ወዲያው አትንገሯቸው፥ እነርሱ ይጠይቁ።