ለቤት ጋራዥ የሚኾን ፕሬስ ስለ መምረጥ

መኪናውን ወይም ትራክተሩን በገዛ ግቢው የሚያድስ ሰው ኹሉ፣ ኩሽኔታን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ዕቃውንም እጅንም እንደሚጐዳ ያውቃል። ለዚህ ሥራ የተገባው መሣሪያ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራው ፕሬስ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1795 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። በትንሹ ፒስቶን ላይ ያረፈው ኀይል፣ ስፋቱ 20 እጥፍ በኾነው በትልቁ ላይ 20 እጥፍ ኾኖ ይወጣል፤ የትልቁ ጕዞ ግን በዚያው ልክ ያጥራል።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው በቶን ቍጥር ብቻ አይታለል። ለተራ መኪና ኩሽኔታና ቦኮላ 20 ቶን በአብዛኛው ይበቃል። ከዚህ ይልቅ ክፈፉን ይመርምር፤ ምሰሶዎቹ ያልተጣመሙ፣ ብየዳው ያልተሰነጠቀ፣ መድረኩን የሚሸከሙት ፒኖች ወፍራሞች ይኹኑ። የግፊት መለኪያ ያለው ይመረጣል።

በሥራም ጊዜ፣ ኩሽኔታ በዘንግ ላይ ሲገባ ኀይሉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ በውጭኛው ቢጫን ኳሶቹ መሮጫቸውን ይጐዳሉ። በጭነት ውስጥ ያለ ብረት ሲሰበር እንደ ጥይት ይወረወራልና፣ ያለ መከላከያ መነጽር መሥራት፣ በፊት ለፊቱም መቆም አይገባም።

የወረዳ ሹማምንትም ይህን ለባለጋራዦች ቢያስረዱ መልካም ነው። ደካማ ክፈፍ በርካሽ የገዛ ሰው ያተረፈው ጥቂት ብር፣ ለጠፋ ዓይን ካሣ አይኾነውምና።