ያውቁ ኖሯል? አምቦ ከተማው ወይስ ጠርሙሱ?

እንግሊዝኛ ጋዝ ላለው ውሃ ስም አያጣም፤ ሶዳ ይለዋል፣ ስፓርክሊንግ ይለዋል፣ ሰልትዘርም ይለዋል። ጉደኛው ሰልትዘር ነው፦ በማዕድን ውሃዋ ከታወቀች ዜልተርስ ከተባለች የጀርመን መንደር የተወሰደ ስም ነው። «ስፓ» የሚለውም ቃል የቤልጅየም ከተማ ስም ነው።

እኛ ደግሞ «አምቦ» ብለን ተገላግለናል። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታሸገው ውሃ አገር ስላዳረሰ፣ አስተናጋጁ «አምቦ ይምጣ?» ሲል ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ከተማ ትዝ የምትለው ለጥቂቱ ነው። ከተማዋ በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ያ ስም ለጠርሙሱ ቢተርፍ ኖሮ፣ ምግብ ቤት ገብቶ «አንድ ቀዝቃዛ ሀገረ ሕይወት!» ማለት ትንሽ ይከብድ ነበር። ጎረቤቷ ጉደርም ብትሆን ስሟን ለቀይ ወይን ጠጅ አውሳለች።