መስመሩ ሲቆረጥ ከየት እንቀጥል? የሞደም ዘመን ትምህርት

ከፎልስ ቸርች ወደ አገር ቤት ሰነድ ስትልኩ መስመሩ መሃል ላይ ቢቆረጥ፣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ ወይስ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ? ጥያቄው የቆየ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ኢሜይል የሚለዋወጠው በፊዶኔት፣ በሞደምና በስልክ መስመር ነበር። የውጭ አገር ጥሪ በደቂቃ ይከፈልበታል፤ መስመር በተቆረጠ ቁጥር ገንዘብ ይባክናል።

ዋርድ ክሪስተንሰን በ1977 የሠራው ኤክስሞደም ፋይሉን በ128 ባይት እየከፈለ ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ «ደርሷል» የሚል መልስ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ማረጋገጫው አንድ ባይት ብቻ በመሆኑ፣ እንዲያው ከተዘበራረቁ 256 ቁራጮች አንዱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። በኋላ የመጣው ባለ16 ቢት ሲአርሲ ይህን ከ65,536 ቁራጮች አንዱ ብቻ እንዲሆን አደረገው። መስመሩ ከተቆረጠ ግን ያው ከዜሮ ነው።

በ1986 ቸክ ፎርስበርግ ዚሞደምን ሠራ። ዚሞደም መልስ ሳይጠብቅ ይልካል፤ ስህተት ሲገኝ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል፤ ሲቆረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። በፊዶኔት ተጠቃሚዎች ዘንድ የተወደደውም ለዚህ ነው።

ዛሬም ኔትወርክ ወደሚቆራረጥበት አካባቢ ስትልኩ፣ ካቆመበት የሚቀጥል ዘዴ ምረጡ። ተቀባዩም የፋይሉን መጠን ከእናንተ ጋር ያመሳክር።