ከአዋሽ ገደል በላይ

ቀዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚያገናኙት የድሬዳዋ ድልድዮች አብዛኛውን ዓመት የሚያሻግሩት የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ነው። ደቻቱ ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለው፣ እንደ 1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲለቅ ነው። የሸሚንደፈር (የባቡር) ከተማ ናትና የድሬዳዋ ትልቁ ድልድይ ግን ርቆ፣ አዋሽ ሰባት አጠገብ፣ ገደል ላይ ነው ያለው።

ነገሩ የባቡር ጠባይ ነው። መቶ ሜትር ሲሄድ ሁለት ሦስት ሜትር ሽቅብ ከወጣ ብዙ ወጣ ይባላል። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ቆላው ላይ የቀረውም፣ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ነው። ተራራን መሸሽ ይቻላል። አዋሽ ግን መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ መሸሻ አይሰጥም፤ በቅሎ ተጠማዝዛ ወርዳ ተጠማዝዛ ትወጣለች፣ ባቡር ከአፋፍ እስከ አፋፍ ብረት ካልተዘረጋለት አይሻገርም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚያ በኩል ነው።

ገደሉ ጠልቆ ከታች እግር ማቆም ሲያስቸግር መሐንዲሶች ወደ ብረት ቅስት ይሄዳሉ። ቅስት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አይጥልም፤ በሁለት ጫፉ ቋጥኙን ወደ ጎን ይገፋል፣ ቋጥኙም መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ጥሩ ዐለት ያለው ገደል ግማሹን ሥራ ሠርቶ ይጠብቃል ማለት ነው። የአፍሪካ ዝነኛው ምሳሌ ቪክቶሪያ ፏፏቴ አጠገብ ዛምቤዚን የሚሻገረው ነው፤ የቅስቱ ርዝመት 156 ሜትር፣ ከውኃው በላይ ከፍታው 128 ሜትር። ብረቱ እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በመርከብ መጣና ከሁለቱ አፋፎች፣ ከታች ምንም ሳይደግፈው፣ ወደ መሃል እየተቀጠለ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1905 ሊገጥሙት ሲሉ የቀን ፀሐይ ብረቱን ለጥጦት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተርፎ እምቢ አለ። ሌሊቱን ቀዘቀዘ፤ ጎህ ሲቀድ ገጠመ።

ድልድይ የመስመር ጉሮሮ ነው፤ የሚሸሽ ጦርም ማፍረስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጣልያን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የአዋሽን ድልድዮች አፍርሶ ሸሸ፤ ያተረፈው ግን የጥቂት ቀናት ዕድሜ ብቻ ነበር። በሶማሊያ ወረራ ጊዜም በድሬዳዋ መስመር ድልድዮች ፈንድተው ባቡሩ ቆሟል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጦርነት አልነበረም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ባቡር ሽቅብ እንደማይወድ ሁሉ፣ በፍጥነት መታጠፍም አይወድም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሐዲዱ ከአሮጌው አንድ ሜትር ወደ 1.435 ሜትር የሰፋ ነው፤ ለፍጥነቱ ሲባል ኩርባዎቹ ረገብ ማለት ነበረባቸው፣ ረገብ ያለ ኩርባ ደግሞ ሸለቆውን ከመዞር ይልቅ በድልድይ ማለፍን ይጠይቃል።