ግሮሰሪው ፈርሶ ፎቅ ሲወጣ ማን ይጠየቃል?

ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አስፋልት የወላይታዋን ከተማ ቦዲቲን አቋርጦ ያልፋል። ለንግድ የሚፈለገውም ቦታ ይኸው የመንገዱ ዳርና ዳር ነው። ሥጋ ቤቱ፣ ሆቴሉና ግሮሰሪው ጎን ለጎን ተደርድረው መንገደኛውን የሚጠብቁት እዚያው ነው። ከተማ ሲያድግ ደግሞ ፎቅ ቀድሞ የሚፈልገው ያንኑ ቦታ ነው። ስለዚህ ከሰፈር መጠጥ ቤትና ከአዲስ መኖሪያ ሕንጻ የትኛው ይቅደም የሚለው ክርክር በአዲስ አበባ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ክርክሩን ለመረዳት በአንድ ጠጅ ቤት ላይ ስንት ሰው መብት እንዳለው ማየት ይበጃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ባለይዞታ የምንለው ሰው እንግዲህ ቤቱ የራሱ ነው፣ በመሬቱም የመጠቀም መብት አለው። ነጋዴዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ ወይም የቀበሌ ቤት ተከራይ ናት። ደንበኛውና ጎረቤቱ በየትኛውም ሰነድ ላይ የሉም።

መጠጥ ቤት የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው፣ ብዙም ወሬ የማይነሣበት፣ ባለይዞታው ራሱ አፍርሶ ሲገነባ ነው። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 መሠረት ባለይዞታው መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። የሕንጻ ሹሙ የሚመረምረው ንድፉ ከከተማው ፕላንና ከደረጃው ጋር መስማማቱን ነው። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንጻ ምድብ «ሐ» ውስጥ ገብቶ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ይደረግበታል። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲሰበሰብበት የኖረ ቤት መፍረሱ ግን በዚህ ምርመራ ውስጥ ጥያቄ ሆኖ አይነሣም።

ተከራይዋስ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን የመኖሪያ ቤት ተከራይን ብቻ ነው። የንግድ ቤት ተከራይ የሚተዳደረው በውሉና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቃል ብቻ የተከራየች ጠላ ሻጭ ምን ይዛ እንደምትከራከር አንባቢ ይገምት። አዲሱ ፎቅ ሲያልቅ ምድር ቤቱ ለንግድ ይከፈታል፤ ኪራዩን የሚችለው ግን ባብዛኛው ባንክና የሞባይል መሸጫ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መንግሥት ቦታውን ለመልሶ ማልማት ሲወስደው ነው። አዲስ አበባ ይህን በቅርቡ አይታለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንዲቃም ከነባር ቦታው ተነሣ። ፈንዲቃ በውጭ አገር ጭምር ስም ስላለው ብዙ ተባለለት። አብረውት የፈረሱትን ግሮሰሪዎች ስም ግን የሚያነሣ ብዙም የለም።

የሚገርመው ሕጉ ጉዳቱን ማወቁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለንብረት ከሚከፈለው ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ አለው። በማስለቀቂያ ትእዛዙ ያልተስማማ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። ሆኖም ትስስሩ የሚሰላው ለተነሺው ባለይዞታ ነው። ማታ ማታ እዚያ እየተገናኘ ዕቁብ የሚጥለው፣ ሥራ የሚያፈላልገው፣ የሰፈር ጠብ የሚያስታርቀው ደንበኛ በስሌቱ ውስጥ የለም።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መርጠዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያወጡት ሕግ ነዋሪዎች የሰፈራቸውን መጠጥ ቤት የማኅበረሰብ ሀብት ብለው እንዲያስመዘግቡ፣ ለሽያጭ ሲቀርብም ገንዘብ አሰባስበው ለመግዛት የሚሞክሩበት ጊዜ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። በዚያው አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ደግሞ መጠጥ ቤትን ማፍረስ ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ የፕላን ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህን እንዳለ ወደ ቦዲቲ ማምጣት አይቻልም። ወላይታ የወንጌላውያን ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. የገቡበት፣ ዛሬም አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት የሆነበት አገር ነው። ለመጠጥ ቤት በአደባባይ የሚከራከር ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ሌሊት በሙዚቃ ጩኸት እንቅልፍ ያጣ ጎረቤትም መፍረሱን ቢመርቅ አይፈረድበትም። መኖሪያ ቤትም ያስፈልጋል፤ ፎቅ የሚሠራውን ሰው እንደ ጠላት ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቁርጥ በዳጣ የሚበላበት፣ ቦርዴ የሚጠጣበት ቤት ግን ከመጠጥ በላይ ነው፤ በተለይ ቤተሰቧን በዚያ ሥራ ለምታስተዳድር ሴት።

ስለዚህ ወሳኙ ጊዜ ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ሳይሆን ፕላኑ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል፣ ረቂቁም ሳይጸድቅ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። በየትኛው መንገድ ዳር ቅይጥ አገልግሎት እንደሚፈቀድና ስንት ፎቅ እንደሚወጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ሲጠራ ተከራዮችንም ይጥራ፤ ነጋዴዋም ከዛሬ ጀምራ ውሏን በጽሑፍ ታድርግ።